ለልጅ ኦቲ በየትኛው በር? በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች የንጽጽር መመሪያ

በአሜሪካ ከትምህርት ቤት ወይም ከሐኪም ቤት በሚላኩ የአማርኛ ወረቀቶች ላይ ኦኩፔሽናል ቴራፒ አንዳንድ ጊዜ «የሙያ ሕክምና» ተብሎ ይተረጎማል። የአራት ዓመት ልጅ ምን ሙያ አለው? ወረቀቱ ሳይፈረምበት መሳቢያ ውስጥ ቢቀር ወላጁ አይፈረድበትም። ቃሉ ግን ስለ መተዳደሪያ አይደለም። የሕጻን ሥራው መብላት፣ መልበስ፣ መጫወት፣ መጻፍ፣ ጥርሱን መቦረሽ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ራሱን ማጽዳት ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ በአጭሩ ኦቲ፣ ልጁ እነዚህን በራሱ እጅ እንዲሠራ የሚረዳ ባለሙያ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ መቀመጥን፣ መራመድንና ደረጃ መውጣትን ይይዛል፤ የንግግር ቴራፒስቱ ንግግርንና መግባባትን ይይዛል። ኦቲው ደግሞ የልብስ ቁልፍ መቆለፍን፣ እርሳስ መያዝን፣ አዲስ ምግብ መልመድን፣ ድምፅና ንክኪ ሲበዛበት መረጋጋትን ይመለከታል።

ይህን አገልግሎት ለማግኘት ሦስት በሮች አሉ፤ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕጻናት ቤት ድረስ የሚመጣው የኧርሊ ኢንተርቬንሽን ፕሮግራም፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ እና በኢንሹራንስ የሚከፈለው ክሊኒክ። ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት ሦስቱን አንድ አድርገው ሲያዩ ነው። እያንዳንዱ በር የራሱን ጥያቄ ይጠይቃል። የመጀመሪያው «ልጁ ከዕድሜው ምን ያህል ዘግይቷል?» ይላል። ትምህርት ቤቱ «ችግሩ ትምህርቱን ያውክበታል ወይ?» ይላል። ኢንሹራንሱ «በሕክምና አስፈላጊ ነው ወይ?» ይላል። ስለዚህ ከአንዱ በር «አይገባውም» የተባለ ልጅ በሌላው በር ሊገባው ይችላል። አንድ ጊዜ እምቢ ተብሎ ዓመት ሙሉ ቤት መቀመጥ ሕጻኑን ያለ ጥፋቱ ጊዜ ያሳጣዋል።

ከ3 ዓመት በታች፦ ቤት የሚመጣው ኦቲ

ልጃችሁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ከዚህ ጀምሩ፤ ማመንታት አያስፈልግም። የሐኪም ሪፈራል አይጠየቅም። እናት፣ አባት፣ አያት ወይም የዴይኬር ሠራተኛ መደወል ይችላል። ስሙ በየስቴቱ ይለያያል፤ በሜሪላንድ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ፕሮግራም»፣ በቨርጂኒያ «ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን»፣ በዋሽንግተን ዲሲ «ስትሮንግ ስታርት» ይባላል። ጥያቄው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ተገምግሞ፣ ብቁ ከሆነ አይኤፍኤስፒ የሚባለውን የቤተሰብ ዕቅድ ለማውጣት ስብሰባ መደረግ አለበት። የደወላችሁበትን ቀን በካላንደር ላይ ጻፉ፤ ቀኑን ካልያዛችሁ መዘግየቱን የምታሳዩበት ነገር አይኖራችሁም።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጁ በአንድ የዕድገት ዘርፍ (ለምሳሌ በንግግር ወይም በእንቅስቃሴ) 25 በመቶ ከዘገየ ብቁ ይሆናል። በቀላሉ ሲሰላ፣ የ24 ወር ልጅ በአንዱ ዘርፍ የ18 ወር ሕጻን የሚያደርገውን ብቻ ካደረገ ማለት ነው። ግምገማውና የቤተሰቡን ጉዳይ የምትከታተለው የአስተባባሪዋ ሥራ በሁሉም ስቴት ነጻ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው አገልግሎት ግን እንደ ቨርጂኒያ ያሉ ስቴቶች እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉት አለ፤ ከመፈረም በፊት ጠይቁ።

የዚህ አገልግሎት ጥንካሬው ባለሙያዋ ልጁን ብቻ ሳይሆን ወላጁን ማሰልጠኗ ነው። ድክመቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል። እናት ወጥ ቤት ስትሆን ባለሙያዋ ከሕጻኑ ጋር ብቻዋን ትጫወትና ሰዓቱ ያልቃል፤ ለቀሪዎቹ ስድስት ቀናት በቤተሰቡ እጅ የሚቀር ነገር የለም። ስለዚህ ቡናው ይቆይ። ምንጣፉ ላይ አብራችሁ ተቀመጡ፣ እሷ ያሳየችውን እናንተ እፊቷ ሞክሩት፣ እጃችሁን ታርማችሁ። ቀጠሮውንም ችግሩ በሚታይበት ሰዓት አድርጉት፤ ችግሩ መብላት ከሆነ በምሳ ሰዓት፣ ልብስ ከሆነ ከእንቅልፍ ሲነሳ።

አገልግሎቱ በአብዛኛው በሦስተኛው የልደት ቀን ያቆማል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ብቁ ለሆኑ ልጆች ዕቅዱን ከዚያ በኋላ የማራዘም ምርጫ አለ። ወደ ትምህርት ቤት የሚያሸጋግረው ስብሰባ ከልደቱ ቢያንስ 90 ቀን አስቀድሞ መደረግ አለበት። ልደቱ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ የሚውል ልጅ በተለይ ያሰጋል፤ በበጋው ዕረፍት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ገምጋሚ ለማግኘት ይከብዳል። ልጁ 2 ዓመት ተኩል ሲሞላ አስተባባሪዋን ማስታወስ ይሻላል።

ትምህርት ቤት፦ ነጻ ነው፣ ግን ወሰን አለው

ከ3 እስከ 21 ዓመት ያለው በር ይህ ነው። ወላጅ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ነገር ግን በፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግ ኦቲ «ተያያዥ አገልግሎት» ስለሆነ ብቻውን አይሰጥም፤ ልጁ አስቀድሞ ለልዩ ትምህርት ብቁ መሆን አለበት። ብቁ ከሆነ አይኢፒ የሚባል ዕቅድ ይጻፍለታል፣ ኦቲው እዚያ ውስጥ ይገባል። ብቁ ካልሆነ «504» የሚባለውን ሌላ ዕቅድ ጠይቁ፤ አካል ጉዳት ኖሮበት ልዩ ትምህርት የማያስፈልገው ልጅ በዚያ በኩል ማስተካከያ፣ አንዳንዴም ኦቲ ያገኛል።

የትምህርት ቤቱ ኦቲ የሚሠራው ልጁ ተማሪ ሆኖ እንዲውል በሚያስፈልገው ላይ ነው፤ መጻፍ፣ መቀስ መያዝ፣ ካፍቴሪያ ውስጥ ትሪ መሸከም፣ ኮት አውልቆ መስቀል፣ ጫጫታ ሲበዛ መረጋጋት። ልጁ ቤት ውስጥ ገላውን መታጠብ እምቢ ማለቱ ወይም ከአምስት ዓይነት ምግብ ሌላ አለመቅመሱ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ተደርጎ ላይቆጠር ይችላል። ይህ የባለሙያዋ ክፋት አይደለም፣ የሕጉ ወሰን ነው። ለዚያ ሦስተኛው በር አለ።

ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። ለመምህርቷ በር ላይ የተነገረ ቃል ቀን አይቆጠርለትም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ «ልጄ ለልዩ ትምህርት እንዲገመገም እጠይቃለሁ። ግምገማው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ግምገማን እንዲጨምር እፈልጋለሁ። ለስብሰባውና ለወረቀቶቹ የአማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ።» ቀንና ፊርማ አድርጉበት፣ ኮፒውን ያዙ። በፌዴራሉ ሕግ ትምህርት ቤቱ ግምገማውን በ60 ቀን ውስጥ ይጨርሳል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ግን ከጠየቃችሁበት ሳይሆን የፈቃድ ወረቀቱን ከፈረማችሁበት ነው። ስቴቶች የራሳቸውን ቀነ ገደብ ማውጣት ይችላሉ። ቨርጂኒያ 65 የሥራ ቀናት ነው የምትሰጠው፤ ሲያትል ያለበት የዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ከፈቃዱ በኋላ 35 የትምህርት ቀናት።

አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ታላቅ እህቱን አታስተርጉሟት። የ12 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሟ ድክመት ለእናቷ እንድትነግር ማድረግ ለእሷም ሸክም ነው፣ የሚያሳፍረውን ክፍልም ትዘለዋለች።

አይኢፒው ሲጻፍ ዓይናችሁን የምትጥሉት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ደቂቃው ነው። «በሳምንት 30 ደቂቃ» እና «በወር 120 ደቂቃ» ሲደመሩ ተቀራራቢ ናቸው፣ በተግባር ግን ይለያያሉ። በወር የተጻፈው ሁለት ሳምንት ተዘልሎ በመጨረሻው ሳምንት ሊከመር ይችላል፤ ለትንሽ ልጅ የሚጠቅመው ግን የማይቋረጥ ልምምድ ነው። «ቀጥታ» የሚለውንና «ምክክር» የሚለውንም ለዩ። ምክክር ማለት ኦቲዋ ለመምህርቷ ምክር ትሰጣለች እንጂ ከልጁ ጋር አትቀመጥም ማለት ነው። ለአንዳንድ ልጅ ይበቃዋል፤ ሳያውቁ መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ግቡ ነው። «የእጁ ቅንጅት ይሻሻላል» የሚል ግብ መድረሱ አይታወቅም። «ባለ አምስት ቃል ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳ ገልብጦ፣ በቃላቱ መካከል ክፍተት ትቶ፣ ከ5 ሙከራ በ4ቱ ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል መልኩ ይጽፋል» የሚል ግብ ግን ይለካል። በግምገማው ውጤት ካልተስማማችሁ በትምህርት ቤቱ ወጪ በሌላ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲገመገም የመጠየቅ መብት አላችሁ። ይህን ማንም ላይነግራችሁ ይችላል።

ክሊኒክ፦ ሰፊ ነው፣ ግን ይከፈልበታል

ክሊኒኩ ትምህርት ቤቱ የማይነካውን ይነካል፤ ምግብ መምረጥን፣ ገላ መታጠብን፣ እንቅልፍን፣ ልብስ መልበስን፣ ከጉዳት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን የእጅ ሥራ። አንዱ ክፍለ ጊዜ በአብዛኛው ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው፤ ሂሳቡ የሚሠራው በ15 ደቂቃ መለኪያ ስለሆነ ደረሰኙ ላይ አራት ጊዜ የተቆጠረ ብታዩ አትደንግጡ። ችግሩ ወረፋው ነው፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በሁለት ወይም በሦስት ክሊኒክ ተመዝገቡ፣ ሰው ሲሰርዝ የሚጠራበት ዝርዝር ውስጥም አስገቡን በሉ።

ኢንሹራንሱ ጋ ስትደውሉ «ኦቲ ይሸፈናል ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ «አዎ» ይሏችሁና ሂሳቡ ሲመጣ ሌላ ይሆናል። አንድ ልጅ ያጣውን ችሎታ ማስመለስ «ሪሃቢሊቴቲቭ» ይባላል፣ ከመጀመሪያውም ያልነበረውን ማስተማር «ሀቢሊቴቲቭ»። ዕድገቱ የዘገየ ልጅ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፤ በስህተት በመጀመሪያው ከተመዘገበ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ለሀቢሊቴቲቭ ኦቲ በዓመት ስንት ጊዜ ይፈቀዳል? ቁጥሩ ከንግግር ቴራፒና ከፊዚዮቴራፒ ጋር ተደምሮ ነው ወይስ ለብቻው? ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል? ዲዳክተብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሴ የምከፍለው መጠን) ሳይሞላ በፊት ምን ያህል እከፍላለሁ? የመለሰላችሁን ሰው ስምና የጥሪውን መለያ ቁጥር ጻፉ።

ልጁ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ካለው አቋማችሁ የተሻለ ነው። ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሜዲኬይድ በሕክምና አስፈላጊ የሆነውን አገልግሎት የመሸፈን ግዴታ አለበት፤ «የዓመቱን ጨርሷል» የሚል መልስ ብቻውን የመጨረሻ ቃል አይደለም፣ ይግባኝ ይባልበታል።

የትኛውን መጀመሪያ?

የ7 ዓመት ልጅ ጽሑፉ የማይነበብ ወይም ከክፍሉ ሁሉ ኋላ የሚጨርስ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ይቅደም፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነው፣ ወንበሩም እርሳሱም እዚያ ነው። ክፍል ውስጥ ደህና ውሎ ቤት ሲገባ ልብስ፣ ምግብና ገላ የሚያስቸግረው ልጅ ክሊኒክ ነው የሚሻለው። ሁለቱም ጋ የሚያስቸግረው ሁለቱንም ይጠይቅ፤ ይፈቀዳል፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም። ያን ጊዜ ሁለቱ ባለሙያዎች እንዲነጋገሩ የመረጃ መለዋወጫ ፈቃድ ፈርሙ። ካልተነጋገሩ አንዷ እርሳስ በአንድ መንገድ፣ ሌላዋ በሌላ መንገድ ታስይዘዋለች፣ ልጁ መሐል ይቀራል።

ከኦቲ በፊት ሐኪም የሚያስፈልግባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ገና 12 ወር ያልሞላው ሕጻን አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም፣ ሌላውን ጨብጦ የሚይዝ ከሆነ «ግራኝ ሊሆን ነው» ተብሎ አይታለፍ። በዚያ ዕድሜ እጅ መምረጥ የሌላኛውን እጅ ድክመት ሊያመለክት ስለሚችል በፍጥነት ይታይ። ሲበላ የሚያስለው፣ የሚታነቅ ወይም ክብደቱ የሚቀንስ ልጅም እንደዚያው። ይችል የነበረውን የተወ ልጅም አይጠብቅ።

ባለሙያዋንና ዘዴዋን መምረጥ

የሚገመግመውና ዕቅድ የሚያወጣው ኦቲው ነው። ረዳት ኦቲ የሚባሉት ደግሞ በእሱ ክትትል ሥር ከልጁ ጋር የሚሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ዕቅዱን የሚከታተለው ማን እንደሆነና በየስንት ጊዜው እንደሚያየው ጠይቁ።

ከዘዴዎቹ መሐል ስንመርጥ ልጁ የሚቸገርበትን ነገር ራሱን፣ በሚሠራበት ቦታ፣ ደጋግሞ ማለማመድ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ አለው። ቁልፍ መቆለፍ የሚለመደው ቁልፍ በመቆለፍ ነው። ክብደት ያለው ሰደርያ ማልበስና ሰውነትን በብሩሽ መጥረግ በብዙ ክሊኒክ ይታያሉ፣ ማስረጃቸው ግን ደካማ ነው። የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ባወጣው መግለጫ የስሜት ሕዋስን መሠረት ላደረጉ ሕክምናዎች ያለው ጥናት ውስን መሆኑ ለወላጅ እንዲነገርና ለውጡ በግልጽ ግብ እንዲለካ መክሯል። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ዥዋዥዌ ልጁን ካስደሰተውና ካረጋጋው መልካም፤ ከዚያ ወርዶ ምን ሠራ የሚለው ግን መመለስ አለበት። ወላጅን ከበር የሚያስቀር፣ በመጨረሻ «ዛሬ ጎበዝ ነበር» ብቻ ብሎ የሚሸኝ ክሊኒክ በዋጋውም በጊዜውም ውድ ነው። ከ10 እስከ 12 ሳምንት ሄዳችሁ በተጻፈው ግብ ላይ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ዕቅዱ ይቀየር በሉ።

እንጀራና የግምገማ ወረቀት

ብዙዎቹ መጠይቆች ስለ ሹካና ማንኪያ ይጠይቃሉ። በእጁ የሚበላ ልጅ «በሹካ ወግቶ ይበላል?» ለሚለው «አይ» ሲባልለት ነጥብ ይቀነስበታል፤ እንጀራ በአውራ ጣትና በሁለት ጣት ቆርሶ፣ ወጡን ሳያፈስ ጠቅልሎ አፉ ማድረሱ ግን ለጣት ትልቅ ሥራ ነው። ለገምጋሚዋ በቪዲዮ አሳዩት። በተቃራኒው ደግሞ ጉርሻ የሚደብቀው መዘግየት አለ። ልጁ እስከ አምስት ዓመቱ በአያቱ እጅ እየጎረሰ ካደገ «ራሱ ይበላል?» ሲባል ማንም መልሱን አያውቀውም። ከግምገማው በፊት ሁለት ሳምንት ለብቻው ትንሽ ሳህን አቅርቡለትና የሚያደርገውን አስተውሉ። ያላሳያችሁትን አለመቻሉ አለመቻል አይደለም፤ ይህንንም ለገምጋሚዋ ንገሯት።

ግራኝ ልጅን ደግሞ «በቀኝህ» እያሉ ማስገደድ ጽሑፉን ያበላሽበታል። በገበታ ላይ ቀኝ እጅ የባህል ጉዳይ ከሆነባችሁ ለኦቲዋ ንገሯት፤ በቀኝ መብላትን ለብቻው ማለማመድ ይቻላል። እርሳሱን ግን ለመረጠው እጅ ተዉለት።

ቤት ውስጥ የሚሠራው

የቱንም በር ብትመርጡ ባለሙያዋ በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ነው የምታገኘው። ለጽሕፈት መጀመሪያ የሚታየው ወንበሩ ነው፤ እግሩ መሬት ወይም ሳጥን ይርገጥ፣ ጠረጴዛው በታጠፈ ክርኑ ቁመት ይሁን። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሚዛኑን ሲጠብቅ እጁ ይደክማል። ክሬዮኑን ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ሰባብሩት፤ አጭር ክሬዮን በጡጫ ስለማይያዝ ጣቶቹ ራሳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ። ቅዳሜ ፊደል የሚማር ልጅ ከሆነ አትቸኩሉ፤ ክብ በ3፣ መስቀል በ4፣ ሦስት ማዕዘን በ5 እና በ6 ዓመት መካከል ነው የሚመጣው፣ መስቀል መሣል ያልቻለ እጅ «ቀ»ን ሊሥል አይችልም። ከ3 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥና ሊጥ ማሸት ከሚገዛው መጫወቻ አያንሱም፤ ከ3 በታች ላለው ግን ጥራጥሬ ያንቃል።

ልብስ ሲማር ከመጨረሻው ጀምሩ። ሱሪውን እስከ ዳሌው እናንተ አምጡለት፣ የመጨረሻውን ስቦ ወገቡ ላይ ያድርስ። ያ ሲለምድ ከጉልበቱ ጀምሮ ይሳብ፣ ከዚያ እግሩን ራሱ ያስገባ። ቁልፍም እንደዚሁ፤ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ባለው ትልቅ ቁልፍ፣ ልብሱን ሳይለብሰው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ግማሹ ከገባ በኋላ ማውጣቱን ብቻ ይሥራ። በጠዋት፣ አውቶቡሱ ሊመጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አይሞከርም፤ ትቸኩላላችሁ፣ እጃችሁ ይቀድመዋል። ማታ ፒጃማ ሲለብስ አሥር ደቂቃ ስጡት።